መርከብ ዓሣ አይቆጥርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ባሕር ዓሣ ሀብት ጥናት በሚወጡ ዜናዎች «መርከቡ ይህን ያህል ሺህ ቶን ዓሣ ቆጠረ» ማለት ተለምዷል። መርከብ ግን ዓሣ አይቆጥርም። የሚለካው ኤኮሳውንደር በሚባል መሣሪያ ወደ ታች የላከው ድምፅ ነጥሮ ሲመለስ ነው፤ ከዚያ ቶን ላይ የሚያደርሰው ስሌት ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ የምትጓዘውን የኖርዌይ የምርምር መርከብ «ዶክተር ፍሪድትዮፍ ናንሰን»ን እንውሰድ። የዚህ ስም የመጀመሪያዋ መርከብ በ1975 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረችው በዓረብ ባሕር ነው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የምትሠራው ሦስተኛዋ ናት።

እንዲህ ያለ ጥናት የሚጀመረው መሣሪያውን በመፈተሽ ነው። ማዕበል በሌለበት ወሽመጥ መልህቅ ይጣልና 38.1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የተንግስተን ካርባይድ (እጅግ ጠንካራ ብረት መሰል ቁስ) ኳስ በሦስት ቀጫጭን ክሮች ከመርከቧ ሆድ ሥር ትንጠለጠላለች። የምትመልሰው ድምፅ መጠን አስቀድሞ ስለሚታወቅ የመሣሪያው ንባብ ከዚያ ጋር ይመሳከራል። ኳሷ ሳሙና ውኃ ውስጥ ሳትነከር ከገባች የአየር አረፋ ይጣበቅባትና ንባቡ ይዛባል። የውኃው ሙቀትና ጨዋማነትም ይለካል፤ የድምፅ ፍጥነት በእነሱ ይለዋወጣልና።

ከዚያ መርከቧ 10 ኖት (በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር) ገደማ እየተጓዘች ትይዩ መስመሮችን ታካልላለች። ስክሪኑ ላይ የዓሣ መንጋ ሲታይ መረብ ይጣላል፤ በ3 ኖት ፍጥነት ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጎተታል። የዓሣው ዓይነትና ርዝመት የሚታወቀው ከመረቡ ነው። ድምፁን በብዛት የሚመልሰው የዓሣው የአየር ከረጢት ስለሆነ፣ ከረጢት የሌለው የአትላንቲክ ማኬሬል በ38 ኪሎኸርዝ የድምፅ ድግግሞሽ ደብዝዞ ይታያል።

ትልቅ ስሕተት የሚመጣው ግን አንድ ዓሣ ይመልሰዋል ተብሎ ከሚገመተው ድምፅ ነው፤ የዓሣው ብዛት የሚገኘው የተመለሰው ጠቅላላ ድምፅ ለዚህ ግምት ተካፍሎ ነውና። ግምቱ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ቢዛነፍ ቶኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆናል። ዓሣው የመርከቡን ጩኸት ሸሽቶ አዘቅዝቆ ሲጠልቅ የሚመልሰው ድምፅ ይቀንሳል። ሌሊት ወደ ላይ የሚወጣውን ደግሞ፣ ከመሣሪያው በላይ ከዋኘ፣ ጭራሽ አያየውም። ትልቅ መርከብ የማይደፍረው የዳርቻ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ያለው ሳርዲንም ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ጋዜጠኛ የቶን ቁጥር ሲሰጠው፣ የስሕተቱ ወሰን ስንት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ መረብ እንደተጣለና መስመሩ ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደጀመረ ቢጠይቅ ዜናው ይሟላል።

ይህንኑ መሣሪያ ለጣና የሚመኝ ካለ፣ የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ መሆኑን ያስብ። መሣሪያው ከአፍንጫው ሥር ያሉትን ጥቂት ሜትሮችና ወለሉን የተጠጋውን ውኃ በትክክል ስለማይለካ፣ የሚተርፈው ቀጭን ንጣፍ ነው። እዚያ ድምፁን ወደ ጎን የሚልክ መሣሪያና የዓይኑ ስፋት የተለያየ መረብ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፤
የዓሣ ሀብት ባለሙያ አንባቢያችሁ