በእናታችን ስም የተሰጠን ገንዘብ አደራ ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በወጣ እትማችሁ አንድ አንባቢ በዚሁ ዓምድ ላይ ባሰፈሩት አስተያየት ለበጎ አድራጎት ተብለው የሚደረጉ ረጃጅም የብስክሌት ጉዞዎችን አንስተው፣ «ገንዘቡን በቀጥታ መስጠት እየተቻለ ይህን ሁሉ ኪሎ ሜትር መጋለብ ለምን አስፈለገ?» ሲሉ ጠይቀው ነበር። ቃላቸው ጠንከር ያለ ቢሆንም ጥያቄው ከልብ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ ከእህቴና ከወንድሜ ጋር ሆኜ በስትሮክ ያረፈችውን እናታችንን ለማሰብ በዘጠኝ ቀን 870 ኪሎ ሜትር በብስክሌት የተጓዝኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ይህን ስል ግን በበጎ አድራጎት ስም የሚደረገውን ጉዞ ሁሉ በጅምላ ለመደገፍ አይደለም። ጸሐፊው ካቀረቡት ወቀሳ ውስጥ ትልቁ ክፍል እውነት ነው፤ እውነት መሆኑንም ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

እናታችን በዚያን ዕለት ጠዋት ከመኝታዋ ተነሥታ ልብሷን ለመልበስ ስትሞክር ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ ልትነግረን ስትሞክርም አንደበቷ ተሳሰረ። እኛም ድካም መስሎን መልሰን አስተኛናት። ጥቂት ትረፍ ብለን የተውንባት ያ ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደነበረ የገባን በኋላ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ቧንቧ ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒትም ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልተሰጠ በአብዛኛው እንደማይሰጥ ሐኪሙ ያስረዱን፣ እኛ በደረስንበት ሰዓት ሊደረግ የሚችለው ነገር እጅግ ካነሰ በኋላ ነበር። ከዚያም የባሰ ያንገበገበን ሌላ ነገር አለ። ለዚህ ያበቃት ለብዙ ዓመታት አብሯት የኖረ የደም ግፊት ሲሆን፣ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን ተለክታ አታውቅም። ራሷን አያማት፣ አያዞራት፤ ስለዚህ የሚያስለካ ምክንያት አልነበራትም፣ እኛም አላሰብንላትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው መረጃ፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ የዓለም ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸውና ወደ ግማሽ የሚጠጉት ይህንኑ እንደማያውቁ ገልጿል። እናታችን ከማያውቁት አንዷ ነበረች።

ባረፈች በዓመቷ፣ ሌሎች ሰዎች ባዘጋጁት የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ ላይ ለመሳተፍ ተመዘገብኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለዘመዶቼና ለእናቴ ወዳጆች ደብዳቤ ጽፌ በስሟ እርዳታ ጠየቅሁ፤ አቅማቸው የማይፈቅድ አረጋውያን ሳይቀሩ ሰጡ። ጉዞው ከተጠናቀቀ በኋላ ለታካሚዎች የደረሰው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደጋግሜ ጠይቄ፣ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ያገኘሁት መልስ ከተሰበሰበው ከግማሽ በላይ የሆነው ለካናቴራ ማሳተሚያ፣ ለመድረክና ለድምፅ መሣሪያ ኪራይ እንዲሁም ለመዝጊያው ግብዣ መዋሉን የሚገልጽ ነበር። ማንም አልሰረቀም፤ ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ ነበረው። እኔ ግን እነዚያ ሰዎች ገንዘባቸውን ያወጡት የእናቴን ስም ስለጠራሁባቸው መሆኑን አውቃለሁ። መድረክ ለመከራየት ብጠይቃቸው ኖሮ አይሰጡኝም ነበር፤ መጠየቁንም አልደፍረውም ነበር። ከመካከላቸው አንዷ አሮጊት «ለስንት ሰው ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁኝ የመለስኩላቸውን የተድበሰበሰ ቃል እስከ ዛሬ እጸጸትበታለሁ።

እንግዲህ ጠያቂው «በቀጥታ ቢሰጥስ?» ያሉት እንዲህ ያለውን ጉዞ አይተው ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ነገር ግን ጉዞ ሁሉ እንዲህ መሆን የለበትም፤ እንዳልሆነ የሚያሳይም ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የሚኖረው ቢሊ ስታር እናቱን እ.ኤ.አ. በ1974 ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር አጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ 36 ሰዎች አስተባብሮ ከስፕሪንግፊልድ ተነሥተው ባሕር ዳርቻ ላይ እስከምትገኘው ፕሮቪንስታውን ድረስ ጋለቡ፤ የሰበሰቡትንም 10,200 ዶላር ዳና-ፋርበር ለተባለው የካንሰር ተቋም ሰጡ። ፓን-ማስ ቻሌንጅ የሚባለው ይህ ጉዞ በየዓመቱ ሲደረግ ኖሮ እስካሁን ለተቋሙ ያስገኘው ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። እኔን የበለጠ የሳበኝ ግን የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የሒሳቡ አያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ጋላቢዎቹ ከለጋሾች የሚሰበስቡት ገንዘብ ምንም ሳይቀነስለት ለተቋሙ ይገባል፤ የጉዞው ወጪ የሚሸፈነው ጋላቢዎቹ ከራሳቸው በሚከፍሉት የመመዝገቢያ ገንዘብና ለዚሁ ተብሎ በሚገኝ የድርጅቶች ድጋፍ ነው።

እኛም ሦስት ወንድማማችና እህትማማች ጉዞ ለማድረግ ስንነሣ ከዚህ የወሰድነው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት የተለያየ ቋት እንዲኖረን ወሰንን። ብስክሌቶቹን ማደሻ፣ መለዋወጫ ጎማና ካላማዳሪያ፣ የምግብና የማደሪያ እንዲሁም የአጃቢ መኪናው ነዳጅ በሙሉ ከኪሳችን እንዲሆን ተስማምተን ለዚሁ ሰባት ወር አጠራቀምን። ለእናታችን መታሰቢያ የሚሰጠው ገንዘብ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ለብቻው ተከፈተ፤ ከሒሳቡ ወጪ ለማድረግ የሁለት ሰው ፊርማ እንዲያስፈልግ፣ አንደኛው ፈራሚም ከቤተሰቡ ውጭ እንዲሆን አደረግን። ለጋሾችን ስንጠይቅ ገንዘቡ ለየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሄድና ምን እንደሚገዛበት አስቀድመን በጽሑፍ ነገርናቸው። የደም ግፊት መለኪያ መሣሪያዎች፣ በክንድ ላይ የሚጠመጠሙት ጨርቆችም በየመጠናቸው እንዲሆኑ ተስማማን። ይህ የመጠን ነገር ጥቃቅን ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ከተጠቀሙ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ ጤነኛውንም ሰው በሽተኛ ያስመስላል። ጤና ጣቢያው የጎደለው ይኸው መሆኑን ያወቅነው ሄደን ስለጠየቅን ነው።

እግረ መንገዴን ስለ አንድ የተለመደ አሠራርም ልናገር። «በተጓዛችሁት ኪሎ ሜትር ልክ ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብለው ቃል የሚገቡ ቅን ሰዎች አሉ። እኛ ይህን ላለመቀበል ወሰንን፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ የታመመ ጋላቢ ቢያቆም የታካሚዎቹ ገንዘብ ይቀንሳል ማለት ነው። ያን እያሰበ የታመመ ጉልበቱን ይዞ የሚቀጥል ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ለሟች መታሰቢያ ተብሎም ሌላ ሰው ሆስፒታል መግባት የለበትም። ለጋሾቻችን ብንደርስም ባንደርስም ገንዘቡ አስቀድሞ እንዲሰጥ ስንጠይቃቸው አንድም ሰው ቅር አላለውም።

ከጉዞው በፊት ሦስታችንም ሐኪም ዘንድ ቀርበን ተመረመርን። ረጅም ርቀት ለመጋለብ ያሰበ ሰው፣ በተለይም ዕድሜው አርባን የተሻገረና ስፖርት ያልለመደ ከሆነ፣ ይህን ሳያደርግ መነሣት የለበትም። እዚያም ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ከሁላችን ጠንካራ፣ ከሁላችን ቀጭን የሆነው ታናሽ ወንድሜ ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሌላ ቀን ተመልሶ ተለካ፤ አሁንም ከ140 በ90 በላይ ነበር። እሱም እንደ እናታችን ምንም ስሜት አልነበረውም። መድኃኒት ተጀመረለት፤ ሐኪሙ እስኪፈቅዱለትም ልምምዱን አቁሞ ቆየና መነሻ ቀናችንን በሁለት ወር አራዘምነው። ለሌሎች ልናስተምር የተነሣንበትን ትምህርት መጀመሪያ የተማርነው እኛው ነን፤ እህቴ በዚያ ቀን ከምርመራው ክፍል ስትወጣ ያለቀሰችው ለቅሶ በእናታችን ዕረፍት ቀን ካለቀሰችው የተለየ ነበር።

ስለ ጉዞው ብዙ አልተርክም። ከአቀበት ይልቅ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ እንደሚያደክም፣ ሁለት ጋላቢዎች ተከታትለው ሲሄዱ ከኋላ ያለው ጉልበቱን ብዙ እንደሚቆጥብ፣ ስለዚህም መሪነቱን በየጥቂቱ መቀያየር እንደሚገባ ተማርን። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መብላት፣ ጥሙ ሳይመጣ መጠጣት፣ ብዙ ላብ በወጣበት ቀን ደግሞ ውኃ ብቻ ከመጠን በላይ ጠጥቶ የሰውነትን ጨው አለማቅጠን የግድ ነው። በአራተኛው ቀን የእህቴ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣቷ ደነዘዙ፤ መሪውን ለረጅም ሰዓት ተጭኖ በመያዝ በእጅ መዳፍ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጨቆን የሚመጣ ነገር ነው። ያን ጠዋት እጇን ማንቀሳቀስ ሲያቅታት ሦስታችንም የትኛውን ጠዋት እንዳስታወስን አልተነጋገርንም። ኮርቻዋን ጥቂት አስተካክለን፣ የእጇን አያያዝ ቶሎ ቶሎ እየለዋወጠች ስትሄድ ከዚያ በሁለተኛው ቀን ተሻላት።

አሁን ወደ ጸሐፊው ጥያቄ ልመለስ። ገንዘቡን ብቻ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ መሣሪያዎቹ ይገዙ ነበር፤ ይህ አያጠራጥርም። የማይሆነው ሌላው ነበር። አቧራ የለበሰ ሦስት ብስክሌተኛ ከአንድ አጃቢ መኪና ጋር ጥላ ሥር ሲያርፍ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል፤ ከየት መጣችሁ፣ ወዴት ትሄዳላችሁ፣ ለምን? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ እናታችን ናት። እንዴት እንዳረፈች ስንናገር የሚሰማው ሰው ፊት ይለወጣል፤ ብዙውን ጊዜም ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «የእኔም አባት እንዲህ ነበር የሆነው» የሚል ነው። ነርስ የሆነች የቤተሰባችን ወዳጅ በመኪናው አብራን ስለነበረች፣ ፈቃደኛ የሆነውን ሰው አስቀምጣ፣ አምስት ደቂቃ ያህል እንዲያርፍ አድርጋ፣ ጀርባውን አስደግፋ፣ እግሩን መሬት አስረግጣ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አኑራ ትለካለች። አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ብቻውን በሽታን ስለማያረጋግጥ፣ ከፍ ያለባቸውን ሁሉ በሌላ ቀን በጤና ተቋም እንዲለኩ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ትሰጣቸዋለች። የፊት መጣመም፣ የክንድ መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር በድንገት ሲታይ ሰውየውን ማስተኛት ሳይሆን ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሆስፒታል መውሰድ እንደሚገባ የምንነግራቸው ደግሞ እኛ ልጆቿ ነበርን። ይህን በምንናገርበት ጊዜ ድምፄ ያልተንቀጠቀጠበት ቀን አልነበረም። በባንክ በኩል የሚላክ ገንዘብ ይህን አይናገርም።

ስለዚህ የጋዜጣችሁን ዝግጅት ክፍል የምለምነው፣ የበጎ አድራጎት ጉዞ ሊደረግ ነው የሚል ዜና ስታወጡ፣ የተጓዦቹን ቁጥርና የርቀቱን ብዛት ከመግለጽ ባሻገር የጉዞውን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ አዘጋጆቹን ጠይቃችሁ መልሱን አብራችሁ እንድታትሙ ነው። ጉዞው ካለቀ በኋላም ተመልሳችሁ ገንዘቡ መድረሱን ብትጠይቁ፣ በሐቅ የሚሠሩት አዘጋጆች ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፉም። ለአዘጋጆችም የምለው አለኝ። ወጪውን ከለጋሾች ገንዘብ መሸፈን ግድ ከሆነባችሁ፣ ከመቶው ስንቱ ለወጪ እንደሚውል ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት ንገሯቸው፤ አውቀው ይስጡ ወይም አውቀው ይተዉ።

እኛ የሰበሰብነው ገንዘብ በሙሉ ለጤና ጣቢያው ደርሷል፤ መሣሪያዎቹም ሥራ ላይ ናቸው። ያችን አሮጊትም በዚህ ወር ሄጄ ነገርኳቸው፤ ለመለካትም አብረውኝ መጡ። የባንክ መግለጫውን፣ የግዢ ደረሰኞቹንና የጤና ጣቢያውን የርክክብ ሰነድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። የለጋሾቹ ስም እንዳይታተም እየጠየቅሁ፣ ጥያቄውን ያነሱት አንባቢ ሰነዶቹን ለማየት ቢፈልጉ ግን ቢሯችሁ መጥተው እንዲያዩ ፈቃዴ መሆኑን እገልጻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ