ሻፋሊ ቬርማ ፀጉሯን ተቆርጣ ስለገባችበት በር፦ ለሃሪያና የስፖርት መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሃሪያና ግዛት መንግሥት የስፖርት መምሪያ፣ ህንድ

ጉዳዩ፦ የክሪኬት አካዳሚዎች ትንንሽ ሴት ልጆችን እንዲቀበሉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

የህንዷን የክሪኬት ተጫዋች የሻፋሊ ቬርማን ታሪክ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሚሆን አውቃለሁ። የሃሪያናዋ ከተማ የሮህታክ ልጅ ናት፤ የእናንተው። ግን ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ስለሚያነበው ከሥሩ ልጀምር። ዓመቶቹንና ወሮቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሻፋሊ በ2004 ተወለደች። አባቷ ለክሪኬት ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነው። በ2013 የህንድ የክሪኬት ኮከብ ሳቺን ቴንዱልካር በአገር ውስጡ ውድድር በራንጂ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታውን እዚያው ሮህታክ አጠገብ ላህሊ ላይ ሲያደርግ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሻፋሊ ሄዳ አየችው። ችግሩ የመጣው እሷን ራሷን አካዳሚ ለማስገባት ሲሞከር ነው። አባቷ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የከተማው አካዳሚዎች ሴት ልጅ አንቀበልም አሉ። ስለዚህ ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ አስቆረጣት። ወንድሟ ታሞ ፓኒፓት ላይ የሚደረግ የልጆች ውድድር ሊያመልጠው ሲልም እሷ በሱ ቦታ ገብታ ተጫወተች። ሽልማት ይዛ ተመለሰች።

ይህ ታሪክ በየቃለ መጠይቁ እንደ ጨዋታ ማሟሻ ይነሳል። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እኔን ግን ያናድደኛል። ልጅቷ ኳስ ለመምታት ሴትነቷን መደበቅ ነበረባት እኮ! ፓኒፓት ደግሞ ምን እንደታወጀባት ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የህንድ መንግሥት ሴት ልጅን የማዳንና የማስተማር ዘመቻውን በጥር 2015 ይፋ ያደረገው እዚያች ከተማ ላይ ነው። ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2011ዱ ቆጠራ በሃሪያና ለ1,000 ወንድ የተመዘገበው 879 ሴት ነበር።

በኋላ ሽሪ ራም ናራየን የሚባለው የሮህታክ ክለብ ተቀበላት። በዕድሜም በጉልበትም ከሚበልጧት ወንዶች ጋር ተለማመደች። ዛሬ ፈጣን ኳስ ሲመጣባት ወደ ኋላ የማትለው ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። በመስከረም 2019፣ በ15 ዓመቷ፣ ሱራት ላይ ለህንድ ተሰለፈች። አንድም ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ ሳታስቆጥር ወጣች። በኅዳር ሴንት ሉሲያ ላይ በ49 ኳስ 73 ራን ሠራች። በዚያ ቀን በኢንተርናሽናል ጨዋታ 50 ራን ያለፈች በዕድሜ ትንሿ ህንዳዊ ሆነች። ክብረ ወሰኑ የማን ነበር? ላህሊ ላይ ያየችው የቴንዱልካር።

ማርች 8 ቀን 2020 ሜልቦርን ላይ ህንድና አውስትራሊያ የተገናኙበት የሴቶች የቲ20 (የአጭሩ ክሪኬት) የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። 86,174 ተመልካች ገብቷል። ገና በመጀመሪያው ኦቨር (በመጀመሪያዎቹ ስድስት ኳሶች ውስጥ) የአውስትራሊያዋ አሊሳ ሂሊ የመታችው ኳስ ወደ ሻፋሊ መጣ። ብትይዘው ሂሊ ትወጣ ነበር፤ እጇ ውስጥ ገብቶ አመለጣት። ሂሊ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት፤ 75 ራን ሠራች። ተራው የህንድ ሲሆን ሻፋሊ በ2 ራን ወጣች። ህንድ ተሸነፈች። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነበር፤ እንባዋን ዓለም አየው።

ያን ቀን ግን የምትመለስበት ነበራት። ቡድን አላት፣ አሠልጣኝ አላት፣ ቀጣይ ጨዋታ አላት። በ17 ዓመቷ ብሪስቶል ላይ በመጀመሪያ ቴስቷ (ቀናት የሚፈጀው የክሪኬት ዓይነት) በሁለቱ ተራዎቿ 96 እና 63 ራን ሠራች። በጥር 2023 ከ19 ዓመት በታች ቡድኑን በአምበልነት መርታ የዚያን ዕድሜ የሴቶች የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ አነሳች። በ2024 መጨረሻ ከአንድ ቀን ጨዋታው ቡድን ተቀነሰች። ከዓመት በኋላ በተጎዳች ተጫዋች ምትክ ተጠርታ፣ በኅዳር 2025 በአንድ ቀን ጨዋታው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ 87 ራን ሠርታ፣ ሁለት ዊኬት ወስዳ (ሁለት መቺዎችን አስወጥታ) የጨዋታው ኮከብ ተባለች። መውደቅም መነሳትም የሚቻለው መጀመሪያ በሩ ከተከፈተ ነው። በልጅነቷ የነበራት ግን አባቷና መቀስ ብቻ ነበሩ።

ሃሪያና ሜዳሊያ ላመጣ ስፖርተኛ ገንዘብና የመንግሥት ሥራ በመስጠት የታወቀች ናት። በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ በትግል ሜዳሊያ ያገኘችውን ሳክሺ ማሊክንም ያወጣው ያው የሮህታክ ወረዳ ነው። አላቃልለውም። ነገሩ ግን ላለው ይጨመርለታል ሆነ። የህንድ የክሪኬት ቦርድም በጥቅምት 2022 ለሴቶችና ለወንዶች እኩል የጨዋታ ክፍያ አወጀ። በ2023 የሴቶች ሊግ ሲጀመር ሻፋሊ በ20 ሚሊዮን ሩፒ ተገዛች። ደስ ይላል። አካዳሚ መግባት የምትፈልግ የስምንት ዓመት ልጅ ዕጣ ግን አሁንም በአካዳሚው ባለቤት አፍ ላይ ነው፤ እሺ ካለ ትገባለች፣ ካላለ ትመለሳለች።

ሻፋሊ ልዩ ናት ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ልዩ ስለሆነች አለፈች። መካከለኛ ችሎታ ያላትስ? መካከለኛ ወንዶች እኮ በየአካዳሚው ሞልተዋል፤ ማንም አይመልሳቸውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በመንግሥት መሬት ወይም በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ አካዳሚ ሁሉ ሴት ልጆችን መቀበል የፈቃዱ ግዴታ ይሁን። ከበር የተመለሰች ልጅ ወላጅ አቤት የሚልበት ስልክ እዚያው በሩ ላይ ይለጠፍ። የሴቶች መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ ይኑር። ልምምዱ ሲመሽ ልጆቹን ማን ቤት እንደሚያደርስም ይታሰብበት፤ ወላጅ ልጁን ማሊያ ከማልበሱ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። ከ12 ዓመት በታች ስንት ሴት ልጆች እንደተመዘገቡም በየወረዳው ቆጥራችሁ በየዓመቱ አውጡልን። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያሳፍር ቢሆንም እንኳ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የክሪኬት ወዳጅ