ይድረስ ለፍትሕ ሚኒስቴር፦ ያልተረከብኩት ስንዴ ዕዳ ነው ወይስ አይደለም?

የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። አነስተኛ የዱቄት ወፍጮ አለኝ። ስድስት ሰው እንጀራውን የሚበላበት ነው። ከእነዋሪና ከደነባ በኩል ስንዴ እየሰበሰበ የሚያቀርብልኝ ድርጅት ነበር፤ ለዓመታት ተማምነን ሠርተናል። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የ200 ኩንታል ዋጋ አስቀድሜ በባንክ ከፈልኩት። 40 ኩንታል መጣ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲነሳ «ነገ» ነው፤ ካልተነሳ ደግሞ ሄጄ የማገኘው የተቆለፈ መጋዘን ነው።

ድርጅቱ ሊከስር ነው የሚል ወሬ ስሰማ ውሌን ይዤ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ሊበጠስ ደርሷል። ጠበቃው አንዷ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ፦ «ያስረክባል»። «አየህ፣ ይከፍላል አይልም። አሁን ባለህበት የምትጠይቀው ስንዴ እንጂ ብር አይደለም» አለኝ።

ለዚያው ድርጅት ጆንያ በዱቤ የሸጠች ጎረቤቴ ቀኑ ያለፈ ቼክ ይዛለች። የእሷ ዕዳ ተባለ፤ የእኔ ክርክር ሆነ። የሁለታችንም ገንዘብ የቀረው ግን እዚያው ድርጅት ውስጥ ነው።

መውጫው መንገድ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1772 እንደሚለው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሁንም ካልፈጸመ ውሉ ይፈርሳል፣ የከፈልኩት ይመለስልኝ ይባላል። ያኔ ስንዴው ልኩ የታወቀ ብር ይሆናል። እኔ ግን ይህን የሰማሁት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያውን እየጻፍኩ ሳለ የኪሳራ ፍርድ ቢሰጥ ማን ተብዬ ነው የምመዘገበው?

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነጋዴ ክፍያ አቋረጠ የሚባለው ከንግድ ሥራው ጋር የተያያዙ ግዴታዎቹን መወጣት ሲያቅተው ነው ይል ነበር። ግዴታ ነው ያለው፤ ሰፊ ቃል ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ደግሞ የኪሳራውን ክፍል እንደ አዲስ ጽፎ፣ የተቸገረ ድርጅት ሳይፈርስ መልሶ የሚደራጅበትን በር ከፈተ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እኛ ጋ ሲደርስ ሁለት ጥያቄ ይደባለቃል። አንዱ፣ አንድ ያልተፈጸመ ግዴታ ነጋዴው መክፈል እንዳቃተው ያስረዳል ወይ የሚለው ነው። ሌላው፣ ባለ ግዴታው ከሰረ ከተባለ በኋላ እኔ ገንዘብ ጠያቂ ሆኜ እቆጠራለሁ ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ባላሟላ እንኳ ሁለተኛውን ለምን አጣለሁ?

ሁሉም ነገር ዕዳ ይባል አልልም። ስንዴው በመቅረቱ ዳቦ ቤቶች ጥለውኝ ሄደዋል። ያ ጉዳት ገና አልተለካም፤ ድርጅቱም ይክደዋል። እሱን ይዤ የሰው ድርጅት ይዘጋልኝ ብል ግፍ ነው። ፍርድ ቤት ይለካው። የ160ው ኩንታል ዋጋ ግን የባንክ ደረሰኝ አለው፣ ድርጅቱም አልካደም።

ስለዚህ በቀላል አማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ አውጡልን። ቅድሚያ የተከፈለበት ዕቃ ሳይመጣ ሲቀር፣ የዋስ ግዴታ ሲኖር፣ ሒሳቡ ሲካካድ፣ የትኛው መቼ ዕዳ እንደሚሆን በምሳሌ ይነገረን። የማስጠንቀቂያውም ናሙና አብሮ ይኑርበት። በየወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢለጠፍ፣ ፈቃድ ልናድስ ስንሄድ ሁላችንም እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዱቄት ወፍጮ ባለቤት፣ ደብረ ብርሃን