በቤተሰብ ቴሌቪዥን ላይ ደም መቁጠር ይብቃን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቤተሰብ ፕሮግራሞች ውስጥ ስላለው ጥቃት በተወራ ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ደም ታየ ወይስ አልታየም? ስንት ሰው ሞተ? እኔ ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። መለኪያው የደሙ ብዛት ሳይሆን የተመታው ሰው ያመዋል ወይስ አያመውም የሚለው ነው።

በልጆች ሰዓት በብዛት የሚታይ አንድ ዓይነት ትዕይንት አለ። ጀግናው ከኋላ ይመጣና ዘበኛውን በብረት አናቱን ይለዋል። ዘበኛው ዘጭ ይላል። ጀግናው ቀልድ ጣል አድርጎ በሩን ከፍቶ ይሄዳል። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፣ ካሜራውም ወደ ዘበኛው አይመለስም። ስለዚህ "ለሁሉም ዕድሜ" ተብሎ ያልፋል። ይህን የመሰለ ትዕይንት አብራኝ ስታይ የነበረች የእህቴ ልጅ "ሰውዬውስ? ተነሳ?" አለችኝ። ጥያቄዋን መመለስ የነበረበት የድራማው ጸሐፊ ነው። እሱ ግን ዘበኛውን ጭራሽ ረስቶታል።

ይህ የአንድ ድራማ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተካሄደ ሰፊ የቴሌቪዥን ጥቃት ጥናት፣ ከጥቃት ትዕይንቶች 73 በመቶ በሚሆኑት አጥቂው እዚያው ትዕይንት ላይ ምንም ቅጣት እንደማይደርስበት አሳይቷል። ከዚያ በፊትም የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሙከራ፣ አሻንጉሊት የሚደበድብ ሰው በፊልም ለልጆች አሳይቶ ነበር። ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ድርጊቱን እምብዛም አልደገሙትም። ሲሸለም ያዩትና ምንም ሳይሆን ሲቀር ያዩት ግን እኩል ለእኩል ያህል ነበሩ። አሻንጉሊት መምታትና ሰው መምታት እንደሚለያዩ አውቃለሁ። ቢሆንም ዝም ብሎ ማለፍ ለልጅ እንደ ይሁንታ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ጥቃት ከቤተሰብ ፕሮግራም ጨርሶ ይውጣ? አልልም። ክፉ ሰው የሌለበት ታሪክ ለልጅም አይጥመውም፤ ፍርሃትን ሶፋ ላይ ከወላጅ ጎን ተቀምጦ መለማመድም ጥቅም አለው። አንድ ሰው ተመትቶ ቢያቃስት፣ ጓደኛው ቢደነግጥ፣ መቺው በሠራው ቢጸጸት፣ ትዕይንቱ ከበድ ያለ ቢሆንም ለቤተሰብ ይሆናል እላለሁ። ያለ ሕመም የሚያልፍ መቶ ጥይት ይበልጥ ያሳስበኛል።

አቀራረቡም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የቢቢሲው ተከታታይ ድራማ "ዶክተር ሁ" አንድ ክፍል ያለቀው የጀግናው ፊት ውሃ ውስጥ ተደፍቆ፣ ምስሉ እዚያው ደርቆ ሲቀር ነበር። ሜሪ ኋይትሃውስ የተባሉት የቴሌቪዥን ተቺ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ቢቢሲም ይቅርታ ጠየቀ፣ ያ ምስልም ከዋናው ቅጂ ተቆረጠ። ከሴትየዋ ጋር በብዙ ነገር አልስማማም። እዚህ ላይ ግን እውነት ነበራቸው። ሕፃን ልጅን በመስጠም ላይ ባለ ሰው ምስል ሳምንት ሙሉ ማስጠበቅ ተገቢ አልነበረም።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ማስታወቂያው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለልጆች የማይሆን ነገር ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ብዙ አገሮችም የዕድሜ ምልክት አላቸው። ወላጅ ምልክቱን አይቶ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ልጁን ያስቀምጣል። መሃል ላይ ግን የሌላ ድራማ ማስተዋወቂያ ዱብ ይላል፦ ጩቤ፣ ጩኸት፣ የታሰረ ሰው፣ ሁሉም በግማሽ ደቂቃ ውስጥ። ሪሞቱ እስኪገኝ አልቋል። ማስተዋወቂያው ከሚቋረጠው ፕሮግራም የዕድሜ ደረጃ በላይ መሆን የለበትም። ይህን ለማስተካከል የጣቢያው ውሳኔ ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ፋን ፊክሽን ልምጣ፤ አድናቂዎች የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ይዘው ወደሚጽፉት ታሪክ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ መለኪያዬ ይላላል። ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል። ታሪክ ግን አንባቢው ራሱ መርጦ ይከፍተዋል፣ ሲከብደው ይዘጋዋል። ደግሞም ብዙዎቹ ጸሐፊዎች የሚያደርጉት ቴሌቪዥኑ የዘለለውን መሙላት ነው። ተጎድቶ በሌላ ሰው እንክብካቤ ስለሚያገግም ገጸ ባሕርይ የሚጻፍ፣ ራሱን የቻለ የታሪክ ዘርፍ አላቸው። ድራማው ላይ ተመትቶ በቀጣዩ ትዕይንት የሚሮጠው ሰው፣ እዚህ ቁስሉ ይታጠባል፣ ሌሊት ይባንናል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይህ ጥቃትን ማሞገስ አይደለም። ዋጋውን መንገር ነው።

ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም። ማሠቃየቱ ብቻ ገጽ በገጽ የተከመረበትም ሞልቷል። ለአዋቂ ተብሎ በግልጽ ከተለጠፈ አልከራከርም። ችግሩ የልጆች ካርቱን ገጸ ባሕርይ ስም ፈልጋ የገባች የ11 ዓመት ልጅ ላይ ነው። "አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን" በተባለው የፋን ፊክሽን ድረ ገጽ ላይ ጸሐፊው የዕድሜ ደረጃ ይሰጣል፤ ዝርዝር የጥቃት ገለጻ ወይም የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት ካለም ምልክት ያደርጋል። ካልፈለገ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መርጫለሁ ማለት ይችላል። አዋቂ አንባቢ ይህን ሲያይ ምንም ሊገጥመው እንደሚችል ይገባዋል፤ ለልጅ ግን ይህ ምንም አይነግራትም።

ስለዚህ ጸሐፊዎችን የምለምነው ይህን ነው። መነሻችሁ የልጆች ፕሮግራም ከሆነ ታሪኩ የሚደንቅበትን ቦታ መደበቅ ትችላላችሁ፤ ጭካኔውን ግን አትደብቁ። መግቢያው ላይ በአንድ መስመር ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ