የችግኙን ቁጥር ሰማን፤ ዘሩስ ከየት መጣ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ክረምት በገባ ቁጥር ጋዜጣችሁ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይነግረናል። ዘሩ ከየት እንደተለቀመ ግን ተጽፎ አላነበብኩም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

በሰብል በኩል ጥሩ ተሠርቷል። አብዛኞቹ ከዘር ባንካችን የወጡ 400 የዱረም ስንዴ ዓይነቶች በሰሜን ወሎ ገረገራና በትግራይ ሀገረ ሰላም ተዘርተው፣ ግማሾቹ ሴቶች የሆኑ 60 አርሶ አደሮች ማሳውን እየዞሩ ነጥብ ሰጡ። ተመራማሪዎቹ የስንዴዎቹን ዘረመል ከነጥቡ ጋር ሲያስተያዩ፣ ገበሬው በዓይኑ የመረጠው ነገር በጂኖሙ (በስንዴው ሙሉ ዘረመል) ላይ የሚታወቅ ቦታ እንዳለው አገኙ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ የገበሬው ዕውቀት ሲታከልበት ለየአካባቢው የሚስማማውን ስንዴ አስቀድሞ መለየት እንደሚቀል አሳይቷል።

ወደ ዛፉ ስንመጣ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አላየሁም። ባየኋቸው ችግኝ ጣቢያዎች መደቡ ላይ የተሰካችው ታርጋ የዛፉን ስም፣ የተዘራበትን ቀንና ብዛቱን ትናገራለች፤ በቃ። ጽዱ ከደጋ ቤተ ክርስቲያን ደን ይምጣ ከወይና ደጋ መንገድ ዳር፣ ከ50 እናት ዛፎች ይለቀም ለለቃሚው ከቀረበችው ከአንዲቷ፣ የሚያውቅ የለም። ከአንድ እናት የተለቀመ ዘር እርስ በርሱ ወንድማማች ነው፤ አድጎ ሲዳቀል ልጆቹ ይደክማሉ። ስንዴ ቦታው ካልተስማማው በዓመቱ ይታወቅና ሌላ ይዘራል። ጽድና ኮሶ ግን ዓመታት ቆይተው ይደርቃሉ፤ ያኔ በድርቅ ይሳበባል።

ከየከፍታው የዛፍ ቅጠል ሰብስቦ ዘረመሉን በመመርመር፣ የትኛው የዘረመል ልዩነት ከዝናብ እጥረትና ከውርጭ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ማየት ዛሬ ይቻላል። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ ስላልሆነ፣ ችግኞቹን ቆላም ደጋም ጎን ለጎን ተክሎ ማረጋገጥ ይከተላል። ዘሩ የተለቀመበት ቦታ ካልተጻፈ ግን ቅጠሉን ከየትኛው ዝናብ ጋር ያስተያዩታል?

ገንዘብ የለም የሚሉ ይኖራሉ። ለላቦራቶሪው እውነት ነው። ታርጋው ላይ የወረዳውን ስም፣ ከፍታውንና የእናት ዛፎቹን ብዛት ለመጨመር ግን ከአንድ ማርከር ሌላ ምን ያስፈልጋል? ጋዜጠኞቻችሁም በመጪው ክረምት ቁጥሩን ሲጠይቁ ይህንንም አብረው ይጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን