የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አዎ፣ ቴሌቪዥን እናያለን

«የታሪክ ክበብ ልጆቹን ሰብስቦ ቴሌቪዥን ያሳያል» የምትል ወሬ በመምህራን ማረፊያ እንደምትዞር አውቃለሁ። ወሬዋ እውነት ናት። ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ነው የምናየው። እንዲያውም አንዳንዴ አንዷን ደቂቃ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል።

በ2017 የትምህርት ዘመን ክበባችን የያዘው ዋና ሥራ በቴሌቪዥን የሚቀርቡ የታሪክ ዘጋቢ ፊልሞችን እያዩ መተቸት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት በምርጫ፣ በመተዳደሪያ ደንብና በቃለ ጉባኤ አለቁ። እሱን ልለፈው።

ነገሩ የሞቀው ጥር ላይ ነው። አንድ ጣቢያ የዓድዋን ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች ሊያቀርብ መሆኑን ማስተዋወቅ ጀመረ። ነጋሪት፣ ፉከራ፣ ጎርናና ድምፅ፣ ከዚያ «በቅርብ ቀን ይጠብቁን!» ልጆቹ ማስታወቂያውን በቃላቸው ይዘውት በኮሪደሩ ላይ ሲያስመስሉት ይውሉ ነበር። እኔም ብሆን፣ ምን ልደብቅ፣ ጓጉቼ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል በፍላሽ ተቀድቶ መጣና አርብ ከሰዓት አይሲቲ ክፍል ተሰበሰብን። ተራኪው የካቲት 23 ቀን 1888 ንጋት ላይ ስለተከፈተው ውጊያ ይተርካል። ስክሪኑ ላይ ወታደር ይሮጣል፣ መድፍ ይተኮሳል። ከኋላ ወንበር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። በክበቡ ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም።

«ቲቸር፣ በዓድዋ ጊዜ አውሮፕላን ነበር እንዴ?»

ወደ ኋላ መለስነው። አለ! በስተግራ ጥግ፣ ድርብ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ብቅ ብሎ ይጠፋል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ደቂቃውንና ሰከንዱን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገባን። የራይት ወንድማማቾች የበረሩት በ1896 ነው። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውሮፕላን የመጣው በ1921፣ ከዓድዋ 33 ዓመት በኋላ ነው። ሲኒማ ራሱ ፓሪስ ላይ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች የታየው ታኅሣሥ 1888፣ ከጦርነቱ ሁለት ወር ብቻ ቀደም ብሎ ነው። ያየነው ምስል የፋሽስት ወረራ ዘመን ሆኖ ተገኘ፤ 1928 ለ1888 ተሰጥቶ። የአባቶቻችን ሥዕል እያለ ይህ ለምን አስፈለገ? የኛ ሰው ሙሉ ፊቱን፣ ጠላት በአንድ ዓይን የሚሳልበትን ማለቴ ነው።

ሁሉንም አላጣጣልንም። እቴጌ ጣይቱ የመቀሌውን ምሽግ ውኃ ስላስያዙበት ዘዴ የቀረበው ክፍል ግሩም ነበር፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ትችታችንንም ምስጋናችንንም ጽፈን ለጣቢያው ልከናል። መልስ እስካሁን የለም።

ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያንም ጎብኝተናል፤ ፎቶው በገጹ ግርጌ አለ። እኔን የነካኝ ግን በሚያዝያ የአንድ አባላችን አያት ቤት ያደረግነው ቆይታ ነው። አባባ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት ታጭቀው ያዩትን አጫወቱን። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሀብ የሠራው ፊልም ነበር። በአገሩ የታየው በ1966 ጥቅምት ላይ ነው። እዚህ ሲታይ ግን የቤተ መንግሥት ግብዣ ገብቶበታል። አንዴ የተራበ ሕፃን፣ አንዴ ድግስ፣ አንዴ ለውሻ የሚሰጥ ሥጋ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

«ታዲያ አባባ፣ ውሸት ነበር?» አለ የልጅ ልጃቸው።

«ኧረ ረሀቡም እውነት፣ ግብዣውም እውነት። የቀጣጠላቸው ሰው ግን የሚፈልገውን ያውቅ ነበር።»

እኔ የፊልም አርትዖትን ለማስረዳት ወር ሙሉ ለፍቼ ነበር። አባባ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ገላገሉኝ። ልጁ ወዲያው «ማን ቆረጠው? ማን ቀጠለው?» ብሎ ጻፈ። አሁን የመተቻ ቅጻችን የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው።

የጎደለንንም ልናገር። የፕሮጀክተሩ አምፖል ግንቦት ላይ ተቃጥሎ የመጨረሻዎቹን ክፍሎች በኔ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን ነው ያየነው። መብራት በጠፋባቸው አርቦችም ተበትነናል። የስፖርት ክበብን አንመቀኝም፤ ዘንድሮ ሁለት ዓይነት ማሊያ ደርሶታል፣ እሰየው። ለኛ የደረሰን አንድ ፓኬት ማርከር ነው፤ ግማሹ ደርቋል። የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት ይህን ካነበባችሁ፣ የአምፖሉና የሃርድ ዲስኩ ጥያቄ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ከገባ ሰነባብቷል።

ለ2018 ዘይነብ ባዳዊ ለቢቢሲ ካቀረበችው የአፍሪካ ታሪክ ተከታታይ የአክሱምን ክፍል ለማየት አስበናል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ ፈንድሻ የለም።