ይድረስ ለእታለም፣ ከናሽቪል

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ስድስት ዓመት «መክረም» ከተባለ ነው እንግዲህ። እኔም ልጄም አባቷም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለምን እንደጠፋሁ ሳትገምቺው አልቀረሽም። የእናትሽን ማረፍ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ስልኩን አነሳሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ ምን እንደምል ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ሰባቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቱ «እንዴት ነሽ» ይላል? ሙት ዓመቱ ሲወጣማ ጭራሽ ስምሽን ስልኬ ላይ ማየት ፈራሁ። ዛሬም ይቅርታ የምልበት ቃል አግኝቼ አይደለም የምጽፍልሽ። ወሬ አለኝ። ወሬ ሲኖረኝ ደግሞ ካንቺ ሌላ የምነግረው ሰው ኖሮኝ አያውቅም።

ያቺን ቪዲዮ ቤት መቼም አልረሳሻትም። አግዳሚው ላይ አራት ሆነን ተጣበን «ዘ ቦዲጋርድ»ን ያየንባትን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ዊትኒ ሂውስተን ሆነሽ ቀረሽ። ግማሹን እንግሊዝኛ ከራስሽ እየፈጠርሽ ትዘፍኚና ያ የሚጮኸው ቦታ ላይ ስትደርሺ እናትሽ ከጓዳ «ኧረ ጎረቤት ምን ይለናል!» ይሉ ነበር። እንግዲያውስ ስሚ፤ ያ «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የምትይው ዘፈን የዊትኒ አይደለም። የጻፈችው ዶሊ ፓርተን ናት፤ ያቺ ከኬኒ ሮጀርስ ጋር ስትዘፍን በየታክሲው እንሰማት የነበረችው፣ ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጠን ያለው ፈረንጅ። እኛ ለፍቅረኛ የተዘፈነ መስሎን ስናለቅስበት የኖርነው ደግሞ ለአለቃዋ የጻፈችው የሥራ መልቀቂያ ነው!

እኔስ ምኑን አውቄው። የምሠራው ሆቴል ነው፤ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ። መስኮቶቹ የሚያዩት ብሮድዌይ የሚሉትን መንገድ ነው፤ እዚያ ከረፋድ ጀምሮ በየመጠጥ ቤቱ ጊታር ይመታል። ካንትሪ የሚሉት ሙዚቃ ለእኔ ባርኔጣ የደፋ ወንድ ስለ መኪናው የሚያላዝንበት ነበር። ዶሊን ያመጣችልኝ ልጄ ናት። የተወለደች ሰሞን አንድ ቅጽ ሙይ ብለውኝ ሞልቼ ረስቼው ነበር። ከጊዜ በኋላ ከዕዳ ወረቀት ሌላ ወጥቶበት ከማያውቀው የፖስታ ሣጥናችን መጽሐፍ ወጣ። አድራሻው ላይ የተጻፈው የልጄ ስም ነው፤ የእኔ አይደለም፣ የአባቷም አይደለም፣ የእሷ! ገና አንገቷ እንኳ አልጠናም። በወሩ ሌላ መጣ። በወሩ ሌላ። ሳንቲም አልከፈልንም። ማን ነው የሚልከው ብዬ ስጠይቅ ከተራራው አገር የመጣች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሳቀችብኝ። «ዶሊ ናታ!» አለችኝ፣ አክስቷን እንደምትጠራ። ከዚያ በኋላ አልጋ ባነጠፍን ቁጥር አንድ አንድ ነገር ትነግረኛለች፣ እኔም ማታ ማታ አነባለሁ፤ የሴትዮዋ ዘመድ ሆኜ አረፍኩት።

የተወለደችው በ1946 ነው፣ እዚሁ ቴነሲ፣ ስሞኪ በሚባሉት ተራሮች ሥር፣ ሲቪየር ካውንቲ ውስጥ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሪልኝ።) ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት፤ ቤቱ አንድ ክፍል። ላዋለዳት ሐኪም የተከፈለው አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነው። አሜሪካን እንዲህ አድርገን አስበናት እናውቃለን? እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ካፖርት ሰፉላት። ሲሰፉ ያን ብዙ ኅብር ያለውን የዮሴፍን ቀሚስ ታሪክ ያወሩላት ስለነበር ልጅቷ እንደ ንግሥት ተጀንና ትምህርት ቤት ሄደች። ልጆቹ ሳቁባት። አድጋ ዘፈን አደረገችው፤ በ1971 ወጣ። ግጥሙን የጻፈችው አውቶቡስ ውስጥ፣ ወረቀት ብታጣ በላውንደሪ ደረሰኝ ላይ ነው። እሱን ስሰማ ከአባቴ አሮጌ ኮት ለገና የተሰፋልኝ ጉርድ ቀሚስ ትዝ አለኝ። አንቺም ስቀሽብኛል፣ አልረሳሁትም!

ጊታር የሰጣት አጎቷ ነው። በ10 ዓመቷ ኖክስቪል ሄዳ ትዘፍን ነበር። በ13 ዓመቷ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚሉት ዝነኛ የካንትሪ የሬዲዮ ዝግጅት መድረክ ላይ ወጣች፤ ለሕዝቡ ያስተዋወቃት ዘፋኙ ጆኒ ካሽ ነው። ኦፕሪ ያኔ የሚካሄድበት ራይማን የሚባለው አዳራሽ ከሆቴላችን በእግር ይደረሳል። መጀመሪያ ለስብከት የተሠራ ስለሆነ መቀመጫው እስከዛሬ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ነው። አንድ ቀን ገብቼ ተቀመጥኩበት፤ ጀርባ ይፈጃል። በ1964 ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰችና በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ናሽቪል ገባች። ያልታጠበ ልብሷን እንደያዘች ነው የመጣችው፤ የዚያኑ ዕለት ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ካርል ዲን ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች፣ በሁለት ዓመቱ አገባችው። አስፋልት አንጣፊ ነበር፤ ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው። በ2025 እስኪሞት ድረስ ወደ 60 ዓመት ያህል አብረው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም።

አሁን ወደ አለቃዋ ልምጣ። ፖርተር ዋጎነር ይባላል፤ የራሱ የቴሌቪዥን ዝግጅት የነበረው፣ ልብሱ በጌጥ የሚያብረቀርቅ ስመ ጥር ዘፋኝ። በ1967 ዝግጅቱ ላይ አስገባት። ሰዉ ከእሷ በፊት የነበረችውን ዘፋኝ አምጡ እያለ ይጮህባት ነበር፤ እሱ አብሯት እየዘፈነ አስለመዳቸው። ሰባት ዓመት ሊሞላ ሲል ለብቻዬ ልውጣ አለች። እሱ ደግሞ ለዚህ ያበቃኋት እኔ፣ የት ትሄዳለች አለ። ተጨቃጨቁ፣ ደግመው ተጨቃጨቁ። ቢያወሩት ቢያወሩት አልሆነም። ቤቷ ገብታ ዘፈኑን ጻፈችና በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄዳ፣ ቁጭ በል ብላ ዘፈነችለት። እሷ እንደምትለው ሰውየው አለቀሰ፤ ፕሮዲዩስ የማደርገው እኔ ከሆንኩ ሂጂ አላት።

እዚህ ጋ ብዙ ቆየሁ እኔ። በአፏ አልወጣ ያላትን ይዛ መጥፋት ትችል ነበር። ቀላሉ እሱ ነበር፤ ከእኔ የተሻለ ማን ያውቃል።

በ1974 ዘፈኑ በካንትሪው ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ኤልቪስ ፕሬስሊ ልዝፈነው አለ፤ ደስታዋን አትጠይቂኝ። ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ፓርከር ግን የዘፈኑን የባለቤትነት ገቢ ግማሹን ካልሰጠሽ አይሆንም አላት። ለኤልቪስ! እኔ ብሆን ሙሉውን ሰጥቼ እጁን እስም ነበር። እሷ እምቢ አለች፤ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። በ1992 ዊትኒ ዘፈነችው፤ አሜሪካ ውስጥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ የባለቤትነቱ ገንዘብ የሚገባው ለዶሊ ነው። መጀመሪያ የሰማችው መኪና እየነዳች በሬዲዮ ነው፤ ደንግጣ ልትጋጭ ነበር። አንቺም ብዙ ሳይቆይ እናትሽን ማስጨነቅ ጀመርሽ።

መለያየታቸው እንዲያ አምሮ የቀረ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ከዓመታት በኋላ ፖርተር 3 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ከሰሳት። ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ፣ ግን ብዙ ተኳርፈው ኖረዋል። በ2007 ሊሞት ሲል ሄዳ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

የቀረው ታሪኳ ብዙ ነው፣ ሌላ ቀን እናወራዋለን። ዊጓን አትይው! ሲያሟት ቀድማ በራሷ ትቀልዳለች፤ እንዲህ ርካሽ ለመምሰል ስንት ብር እንደሚፈጅ ብታውቁ ትላለች። በ1980 ከጄን ፎንዳ ጋር ለሠራችው የቢሮ ሠራተኞች ፊልም ዘፈን ስትጽፍ ረጃጅም ጥፍሮቿን እርስ በርስ እያፋጨች ነው ምቱን ያወጣችው፤ ልክ እንደ ጽሕፈት መኪና ድምፅ። እኔም ሞክሬው ነበር፤ በዚህ በሥራ በተበላ ጥፍር ምንም አይወጣም። በ2016 የተወለደችበት አካባቢ በእሳት ሲጋይ ቤታቸው ለተቃጠለ ቤተሰቦች በየወሩ 1,000 ዶላር ለስድስት ወር ሰጠች። ዕድር በይው።

መጽሐፍ የመላኩ ነገር ግን ከአባቷ የመጣ ነው። እኚያ 12 ልጅ ያሳደጉ ሰው ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር፤ ልጃቸው ደግሞ እንደሳቸው ብልህ ሰው አላውቅም ትላለች። በ1995 በእሳቸው የተነሣ በካውንቲዋ ለሚወለዱ ልጆች መላክ ጀመረች፤ ዛሬ አምስት አገር ደርሷል፣ የታደለው ከ200 ሚሊዮን መጽሐፍ አልፏል። ልጆቹ «የመጽሐፍ ሴትዮ» ይሏታል፤ አባቷ ከዘፈኗ ሁሉ ይልቅ በዚህች ስም ይኮሩ ነበር አሉ።

ማንን እንዳስታወሰኝ ሳታውቂው አትቀሪም። ወንድምሽ ከጅዳ ደብዳቤ ሲልክ እናትሽ አንቺን አያስነብቡም ነበር፤ «ይቺ ክፉ ክፉውን ትዘላለች» ብለው እኔን ያስጠሩኛል። ሰላምታው ላይ ስደርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉና «እስቲ ሰላምታውን ድገሚልኝ» ይሉኛል። ወሬው ሳይደርስ ሰላምታው ብቻ ሦስት ጊዜ ይነበባል። እኔ ደግሞ ለእሳቸው አንዲት መስመር ሳልጽፍ ቀረሁ።

ባለፈው ወር ልጄ አምስት ዓመቷን ደፈነች፤ የመጨረሻው መጽሐፍ መጣ። ማታ አነበብኩላት፣ መልሳ እጄ ላይ አስቀምጣ «ድገሚው» አለችኝ። በማግስቱ ነው ወረቀት የገዛሁት።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። እኔ ጋ ሌሊት ነው የሚሆነው፣ ግድ የለም፣ ሥራ የምገባው ሰኞ ነው። ካላነሳሽም እሁድ በመጣ ቁጥር እደውላለሁ።

ያንቺዋ፣ ባለ ጉርድ ቀሚሷ